ጋላክሲ ኤስ10 ዛሬ ይገዛል? ስልኩ ደህና ነው፣ ያለፈው ቀኑ ነው

መልሱን ከፊት ላስቀምጠው፤ ማንበብ የሰለቸው ይዞት ይሂድ። ያገለገለ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ10 ለፎቶ፣ ለዩቲዩብ፣ ለቴሌግራምና ለሙዚቃ ለሚፈልግ ሰው አሪፍ ስልክ ነው። ባንኩም፣ ቴሌብሩም፣ የሥራ ኢሜሉም ያለበት ዋና ስልክ ላደርገው ነው ለሚል ግን አልመክርም። ምክንያቱ ካሜራው አይደለም። ፍጥነቱም አይደለም። አፕዴቱ ነው።

ቤታችን ውስጥ ሁለት ኤስ10 አለ። አንዱ በነጋዴ እጅ ከዱባይ የመጣ ነው፣ ታናሽ ወንድሜ ይይዘዋል። ሌላውን የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ ለእማዬ አመጣችላት፣ እማዬ ደግሞ "ይሄ መስታወት ከእጄ ይንሸራተታል" ብላ ለእኔ አሳለፈችው። ስለዚህ ሁለቱንም ጎን ለጎን አይቻቸዋለሁ። ከውጭ ሲያዩአቸው መንታ ናቸው። ውስጣቸው ግን አንድ አይደለም፣ እሱን ወደ ታች እመጣበታለሁ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆቹ ነው፣ በእኛ ሲሆን እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስልኩን ላመስግነው፣ ይገባዋል። ማርች 2019 ላይ ገበያ ሲወጣ መነሻ ዋጋው 899 ዶላር ነበር፤ ያ ገንዘብ የገባበት ቦታ እስካሁን ይታያል። ባለ 6.1 ኢንች አሞሌድ ስክሪኑ ዛሬ በካርቶን ከሚሸጡ ብዙ መካከለኛ ስልኮች ይበልጣል። ፀሐይ ላይ ይነበባል፣ ጥቁሩም እውነተኛ ጥቁር ነው። 8 ጊጋ ራም አለው፣ ቴሌግራምና ክሮም እየቀያየራችሁ ብትውሉ አያለከልክም። ከኋላ ሦስት ካሜራ አለው፤ ዋናው 12 ሜጋፒክስል ብቻ ነው፣ ግን ቀን ላይ የሚያነሳውን ፎቶ 50 ሜጋፒክስል ተብሎ ከተጻፈበት ርካሽ ስልክ ጋር አስተያዩትና ፍረዱ። ደግሞ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ አለው! ሚሞሪ ካርድም ይቀበላል! ሁለቱንም ሳምሰንግ ከዚያ በኋላ ባወጣቸው ውድ ስልኮቹ ላይ አስቀርቷቸዋል። ውሃ የማይገባው ነው ይባላል፣ አንዴ ተከፍቶ የተጠገነ ከሆነ ግን ይህን እርሱት። የጣት አሻራው ስክሪኑ ስር ነው፤ ወፍራም የስክሪን መስታወት ካስለጠፋችሁበት ያኮርፋል።

ሞባይል ቤት ገብታችሁ ዋጋ ስትጠይቁ የሚነገራችሁም ይሄው ነው። "ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ፍላግሺፕ ነው፣ 128 ጂቢ፣ ፍሬሽ ነው፣ ጭረት የለውም።" ገዢውም የሚጠይቀው ይታወቃል። ስንት ጂቢ ነው? ካሜራው እንዴት ነው? ባትሪው ይይዛል? ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም? ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ቦሎው መቼ እንደሚያልቅ ሳይጠይቅ ገንዘብ አያወጣም። ስልክ ላይ ግን አፕዴቱ መቼ እንደሚያልቅ፣ ወይም መቼ እንዳለቀ፣ የሚጠይቅ ሰው እኔ እስካሁን አላየሁም። ሻጩም ሳይጠየቅ አይናገርም፤ ብዙ ጊዜ እሱም አያውቀውም።

የኤስ10 ታሪክ እንዲህ ነው። ሲወለድ አንድሮይድ 9 ነበር። ከዚያ 10ን፣ 11ን እና 12ን አገኘ። 12 ላይ ቆመ። ትልልቁ ዝላይ ካለቀ በኋላ የደህንነት ጥገናው ብቻ ቀጠለና እሱም በ2023 ጸደይ አካባቢ አከተመ። በድምሩ አራት ዓመት ገደማ ማለት ነው። አሁን ሌላውን ተመልከቱ። አይፎን 11 የወጣው በዚያው በ2019 ነው፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ እንዲያውም መነሻ ዋጋው ከኤስ10 ያነሰ ነበር። እሱ በ2025 የወጣውን አይኦኤስ 26ን ሳይቀር አግኝቷል። (ከ18 ተነስተው 26 ብለው መሰየማቸው ራሱን የቻለ ጉድ ነው።) ሁለቱ ስልኮች በአንድ ዓመት ተወለዱ፤ አንዱ ጡረታ ከወጣ ቆየ፣ ሌላው ገና ሥራ ላይ ነው። በኛ ገበያ ሁለቱ በዋጋ የሚለያዩበትን ምክንያት ሰው "አይፎን ስለሆነ ነው፣ ስም ነው" ይላል። ስሙም አለበት፣ ግን የልዩነቱ አንድ ክፍል ይሄ ቀን ነው፤ ገዢው ሳያውቀው እየከፈለበት ነው።

አፕል ቅዱስ ነው ልላችሁ አይደለም፣ እሱ ጋም እንመጣለን። ግን በዚህ በኩል ሐቁ ሐቅ ነው። በ2013 የወጣው አይፎን 5ኤስ የመጨረሻ ትልቅ አፕዴቱ አይኦኤስ 12 ሆኖ ሳለ በጃንዋሪ 2023 የደህንነት ጥገና ሲላክለት ነበር። ዘጠኝ ዓመት አልፎት!

አንድሮይድ ላይ ለምን ቶሎ ያልቃል? ነገሩ የብዙ እጅ ሥራ ስለሆነ ነው። ጎግል በየወሩ የተገኙ የደህንነት ቀዳዳዎችን (ሌባ የሚገባባቸውን የሶፍትዌር ስህተቶች) ዝርዝርና ጥገናውን ያወጣል፤ ይሄ ልማድ የጀመረው በ2015 ክረምት ላይ ስቴጅፍራይት የተባለው ጉድ ከተጋለጠ በኋላ ነው፣ በአንድ የኤምኤምኤስ መልእክት ብቻ ስልክ ውስጥ መግባት ይቻል ነበር። ከጎግል የወጣው ጥገና በቀጥታ ወደ እናንተ ስልክ አይመጣም። የስልኩ ቺፕ ሠሪ፣ ለምሳሌ ኳልኮም፣ የራሱን ክፍል አስተካክሎ መስጠት አለበት። ከዚያ ስልክ ሠሪው ከራሱ መልክና ገጽታ ጋር አዋህዶ በየሞዴሉ ይፈትሻል። አንዳንድ አገር ደግሞ ኦፕሬተሩም አያለሁ ይላል። ከነዚህ አንዱ "እኔ ለዚህ ቺፕ መሥራት አቁሜአለሁ" ካለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል። አፕል ግን ቺፑንም፣ ስልኩንም፣ ሶፍትዌሩንም የሚያዘው ራሱ ነው፣ የሚለምነው ሰው የለም።

እንደዚያም ሆኖ "አይቻልም" የሚለውን ሰበብ አልቀበልም። ፌርፎን የሚባል ትንሽ የኔዘርላንድ ኩባንያ አለ። በ2015 አንድሮይድ 5 ይዞ ያወጣውን ፌርፎን 2ን ቺፕ ሠሪው ከአንድሮይድ 6 በኋላ ትቶበት፣ ጥቂት ሠራተኞች ይዞ እየታገለ እስከ አንድሮይድ 10 አድርሶታል፤ ድጋፉንም ያቆመው በ2023 ነው። ሰባት ዓመት። ከሳምሰንግ ጋር በገንዘብ የማይነጻጸር ኩባንያ ነው ይሄን ያደረገው። ሳምሰንግ ራሱም ቢሆን ሲፈልግ ይችላል፤ ጎግል በኦክቶበር 2023 ለራሱ ስልክ ለፒክስል 8 ሰባት ዓመት አፕዴት ቃል ሲገባ ሳምሰንግም ከጥቂት ወራት በኋላ በኤስ24 ላይ ሰባት ዓመት አለ። ተቀናቃኝ ሲመጣ ተቻለ።

አሁን ወደ ዋናው ችግር። የኤስ10 አፕዴት ማለቁ አይታይም። ዋትስአፕ ይሠራል። ቴሌግራም ይሠራል። ቴሌብር ይከፈታል። ፕለይ ስቶር አፖቹን እንደ ወትሮው ያድሳል፤ አንድሮይድ 12 ለአፖች ገና ወጣት ነው። ስለዚህ ሰው "የታለ ታዲያ ያለቀው?" ቢል አልፈርድበትም። ጎግልም ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ አንዳንድ የሲስተሙን ክፍሎች በፕለይ በኩል ለብቻ ማደስ ጀምሯል፣ ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ሁሉንም አይሸፍንም። በሴፕቴምበር 2023 ዌብፒ የሚባለውን የፎቶ ዓይነት በሚያነብ ኮድ ውስጥ አደገኛ ቀዳዳ ተገኘ፤ የተበላሸ ፎቶ በማሳየት ብቻ ስልክ ውስጥ የሚያስገባ ነበር፣ ሰዎች ተሰልለውበታል። ክሮም በቀናት ውስጥ ተጠገነ፤ አሮጌ ስልክ ላይም ያ ጥገና በፕለይ ስቶር ደረሰ። ያው ኮድ ግን አንድሮይድ ራሱ ውስጥም አለ። እዚያ ያለው የሚጠገነው በስልክ ሠሪው አፕዴት ነው። መደበኛ አፕዴቱ ያበቃ ስልክ ላይ እንዲህ ያሉ ነገሮች እየተጠራቀሙ ይሄዳሉ፣ ከላይ ሁሉም አፕ አዲስ እየመሰለ።

"ማን እኔን ይሰልላል?" የሚለውን ሁሌ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ያን ዓይነት ውድ መሣሪያ በእኔና በእናንተ ላይ የሚያባክን የለም። ግን አንዴ ጥገናው ከወጣ በኋላ ቀዳዳው የት እንደነበረ ዓለም ሁሉ ያውቃል፣ ያኔ መሣሪያው ይረክሳል። በቴሌግራም የሚዞሩትን "ሽልማት አሸንፈዋል" የሚሉ አፖች አይታችኋል መቼም። እነዚህ ሰዎች ተራ ሌቦች ናቸው፤ የሚፈልጉት የተዘጋጀ ቀዳዳና ገንዘብ ያለበት ስልክ ነው። ድሮ ስልክ ቢጠፋ ስልክ ጠፋ ነበር። ዛሬ ደሞዝ፣ እቁብ፣ የሱቅ ሽያጭ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ተቃራኒው ፍርሃት አለ፤ "አፕዴት እንዳታደርግ፣ ስልክህን ያንቀራፍፈዋል" የሚለው። ከጊጋ የሚያልፍ ፋይል ፓኬጅ ይበላል፣ ከዚያ ስልኩ ይከብዳል፣ ስለዚህ አይነካም። ይሄ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። አፕል በዲሴምበር 2017 አመነ፤ ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በአፕዴት ፍጥነታቸውን ሲቀንስ ነበር። ምክንያቱ ስልኩ ድንገት እንዳይጠፋ ነው አለ፣ በቴክኒክ በኩልም ውሸት አይደለም፣ ያረጀ ባትሪ ጉልበት ሲጠየቅ ስልኩን ያጠፋዋል። ግን ለባለቤቱ አልነገረውም! ሰው ስልኩ ያረጀ መስሎት አዲስ ሲገዛ ባትሪ መቀየር ብቻ ይበቃው ነበር። ከጫጫታው በኋላ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረዱት። ጣሊያን በ2018 አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች፤ ሳምሰንግንም አልማረችም፣ በኖት 4 ላይ ስልኩ የማይችለውን አንድሮይድ 6 እንዲጭኑ ሰዎችን ገፋፍቷል ብላ 5 ሚሊዮን አስከፈለችው። ፈረንሳይ በ2020 አፕልን 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣች። ልብ በሉ፣ ፈረንሳይ ሆን ብሎ ዕቃን ማስረጀትን ወንጀል ያደረገ ሕግ አላት፣ ከ2015 ጀምሮ። ቅጣቱ ግን በዚያ አልነበረም፤ ለገዢው ሳይናገሩ በመቅረታቸው ነበር።

እኔም የምስማማው እዚያ ላይ ነው። "ሆን ብለው ነው የሚገድሉት" የሚለው የሰፈር ወሬ ለእኔ ግማሽ እውነት ነው። ኤስ10ን ማንም አልገደለውም፤ ይኸው እየሠራ ነው። የተደረገው የሚከፍል ሰው ስለሌለ ሥራውን ማቆም ነው። ስልኩን አንዴ ሸጠዋል፣ እናንተ ደግሞ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ገዢ ናችሁ፣ ለእነሱ የላችሁም። ይሄን እረዳለሁ። የማልረዳው ቀኑ ለምን ካርቶኑ ላይ በትልቁ እንደማይጻፍ ነው። ወተት ላይ ይጻፋል፣ 899 ዶላር በሆነ ስልክ ላይ አይጻፍም።

አሁን ወደ ሁለቱ መንታ ስልኮች። የወንድሜ፣ ከዱባይ የመጣው፣ የሞዴል ቁጥሩ ኤስኤም-ጂ973ኤፍ ይላል። የእኔ፣ ከአሜሪካ የመጣው፣ ኤስኤም-ጂ973ዩ። ኤፉ ውስጥ ያለው የሳምሰንግ የራሱ ኤክሲኖስ ቺፕ ነው፤ ዩው ውስጥ የኳልኮም ስናፕድራገን 855። ገበያ ላይ ዩውን "ስናፕድራገን ነው፣ ይሻላል" ብለው ጨመር አድርገው የሚጠይቁ አሉ። ለጌምና ለባትሪ ትንሽ ይሻል ይሆናል። ግን ዩው ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ሶፍትዌሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) የተቆለፈ ነው፣ አይከፈትም። ኤፉ ይከፈታል። ይሄ ምን ጥቅም አለው? ሳምሰንግ የተወውን ስልክ ሌሎች ማደስ የሚችሉት በዚህ በር ብቻ ነው።

ላይንኤጅ ኦኤስ የሚባል አለ፣ በ2016 መጨረሻ ሳያኖጅንሞድ የተባለው ቀዳሚው ሲዘጋ ከዚያ የቀጠለ፤ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት አንድሮይድ ነው። ለኤክሲኖሱ ኤስ10 ይፋዊ ድጋፍ አለው። ወንድሜ ቅዳሜ ከሰዓቱን ሠውቶ ጫነው። ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ ፎቶ ማውጣት ግድ ነው። ውስጡ ያለች ኖክስ የምትባል የኤሌክትሮኒክስ ማኅተም ትቃጠላለች፣ አትመለስም፣ ሴኪዩር ፎልደር የሚባለው የፋይል መቆለፊያ ከዚያ በኋላ አይሠራም። የሳምሰንግ ካሜራ አፕም ይቀራል፤ በዚህ በጣም ነው ያዘንኩት፣ የኤስ10 ፎቶ ውበት ግማሹ ከዚያ አፕ ነው። በምላሹ ግን ስልኩ አዲስ አንድሮይድና በየጊዜው የሚመጣ የደህንነት ጥገና አገኘ፣ ቀለል ብሎም ይሮጣል። አንድ ነገር ግን አልደብቅም፦ የኔትወርኩን ሥራ የሚሠራው የሞደም ሶፍትዌር የሳምሰንግ ነውና ሳምሰንግ በተወው ቦታ ላይ ነው ያለው። እሱን በጎ ፈቃደኞቹ አይነኩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሙኝ። አንድ የባንክ አፕ "ይህ ስልክ አስተማማኝ አይደለም" ብሎ አልከፈትም አለ። የተከፈተ ቡትሎደር ስላየ ነው። የእኔን፣ የደህንነት ጥገናው ድሮ ያቆመውን፣ በደስታ ይቀበለዋል። የታደሰው ስልክ ተባረረ፣ ያልታደሰው ገባ! በቴክኒክ ቋንቋ ምክንያት አለው፤ የተከፈተ ስልክ ላይ ማን ምን እንደጫነ ባንኩ ማወቅ አይችልም። እሺ። ግን የጥገናውን ቀንም ማየት ይችል ነበር እኮ፣ ስልኩ ላይ ተጽፏል። እሱን የሚጠይቅ አላየሁም።

"ሞባይል ቤት ወስደህ ሶፍትዌር አስጭንበት" የምትሉ ትኖራላችሁ። ተጠንቀቁ። ብዙ ጥገና ቤት ፍላሽ ሲያደርግላችሁ የሚጭነው ያንኑ የሳምሰንግ አንድሮይድ 12 ነው፣ እንደ አዲስ ብቻ። ስልኩ ንጹሕ ስለሚሆን ይፈጥናል፣ እናንተም "አፕዴት ተደረገልኝ" ብላችሁ ትወጣላችሁ። የጥገናው ቀን ግን ንቅንቅ አላለም። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ቀኑን እዩ፣ ከከፈላችሁ በኋላም እዩ።

ባትሪውን በአጭሩ ልንገራችሁ። ሲወጣ 3400 ሚሊአምፒር ነበረው፣ ለ2019ም ትልቅ አልነበረም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያልተቀየረ ባትሪ ያለው ኤስ10 ከሰዓት በኋላ ቻርጅ ይፈልጋል፣ ይሄ የዕድሜ ነገር ነው። መቀየር ይቻላል፤ የኋላው መስታወት በሙጫ የተያዘ ስለሆነ በሙቀት መላቀቅ አለበት፣ እጁ ያልሠለጠነ ሰው ይሰብረዋል። ከዋጋው ላይ ለባትሪ አስልታችሁ ቀንሱ።

"ታዲያ አዲስ ግዙ ልትለን ነው?" ቀላል አይደለም፣ አውቃለሁ። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ገበያ መር ከሆነ ወዲህ 57 ብር የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ፣ ከዚያም አላቆመም። ስልክ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ነው። እዚህ የሚገጣጠመውም ቢሆን፣ ቴክኖና አይቴልን የሚሠራው ትራንሽን በፈረንጆቹ ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠሚያ አለው፣ ክፍሎቹ በዶላር ነው የሚገቡት። ስለዚህ አውሮፓ ላይ ያለ ሰው "አፕዴቱ አለቀ፣ ቀይረው" ሲል እዚያ የአንድ ሳምንት ደሞዝ ነው፤ እዚህ የብዙ ወር ነው። የአፕዴት ቀን ነገር የሀብታም ጭንቀት ነው የሚሉኝን ለዚህ ነው የማልሰማቸው። በአምስት ዓመት አንዴ ስልክ የሚገዛ ሰው ነው ቀኑ ሩቅ እንዲሆንለት የሚያስፈልገው፣ በየዓመቱ የሚቀይረው ምን ቸገረው።

በኤስ10 ዋጋ አካባቢ ወይም ትንሽ ጨምራችሁ ምን አለ? አዲስ ከሆነ በ2024 መጨረሻ የወጣው ጋላክሲ ኤ16 የስድስት ዓመት አፕዴት ተገብቶለታል። ከኤስ10 ጋር ሳስተያየው ቀርፋፋ ነው፣ ካሜራውም አይደርስበትም፣ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የለውም። እጅ ላይ ሲይዙት ደስታ የለውም፣ በግልጽ ልናገር። ግን የባንክ ስልክ አድርጌ የምይዘው እሱን ነው። ያገለገለ ከሆነ አይፎን 11 ገና አፕዴት ያገኛል፣ ሆኖም ወደ መጨረሻው ተጠግቷል፤ በ2018 የወጣውን አይፎን ኤክስአርን አይኦኤስ 26ን እንዳያገኝ አስቀርተውታል፣ ቀጣዩ ተራ የማን እንደሆነ መገመት አያቅትም። አይፎን 7፣ 8፣ ኤክስ "ርካሽ አይፎን" ተብለው ለሚቀርቡላችሁ፣ ተዉት። ከዚያ በታች ያሉት 6 እና 5ኤስ ከሜይ 2025 ጀምሮ ዋትስአፕ እንኳ አይቀበላቸውም። በጣም ርካሽ የሆኑት አንድሮይዶች ላይ ደግሞ አዲስ ናቸው ብላችሁ አትዘናጉ፤ ካርቶኑ ያልተከፈተ ስልክ ሆኖ የአፕዴት ዘመኑ አጭር ወይም ጭራሽ ያልተነገረ ሊሆን ይችላል። የወጣበትን ዓመት ጠይቁ፣ ካርቶኑ ውስጥ ተቀምጦ የከረመ ስልክ ጊዜው ቆሞ አይጠብቀውም።

ውጭ አገር ነገሩ በሕግ መታሰር ጀምሯል። እንግሊዝ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ማንኛውም ስልክ ሠሪ ቢያንስ እስከ መቼ የደህንነት ጥገና እንደሚሰጥ እንዲያሳውቅ ታስገድዳለች። የአውሮፓ ኅብረት ከጁን 20፣ 2025 ጀምሮ አዲስ የሚወጡ ስልኮች ሽያጫቸው ካቆመበት ቀን ተቆጥሮ አምስት ዓመት አፕዴት እንዲያገኙ፣ መለዋወጫም ለሰባት ዓመት እንዲኖር ደንግጓል። የእኛ ገበያ ከዱባይም ከአውሮፓም የሚቃርም ስለሆነ ጥቅሙ ዞሮ ዞሮ ይደርሰናል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሚመጡት ያገለገሉ ስልኮች ላይ። ኤስ10ን ግን አይመለከተውም።

ለማንኛውም ሱቅ ስትገቡ ይህን አድርጉ። ስልኩን ተቀበሉና ሴቲንግ፣ ከዚያ አባውት ፎን፣ ከዚያ ሶፍትዌር ኢንፎርሜሽን ግቡ። አንድሮይድ ሴኩሪቲ ፓች ሌቭል የሚል መስመር አለ፣ ከሥሩ ቀን ተጽፏል። ከዚያ ወደ ሶፍትዌር አፕዴት ሂዱና ፈልግ በሉት፣ ዋይፋይ ከሌለ ከራሳችሁ ስልክ ሆትስፖት ክፈቱ። ቀኑ ከዓመት በላይ ያረጀ ሆኖ "ስልክዎ የመጨረሻውን ሶፍትዌር ይዟል" ካላችሁ አልቆለታል ማለት ነው። ኤስ10 ላይ 2023 ነው የምታዩት። የሞዴል ቁጥሩንም እዚያው እዩ፤ እንደ ወንድሜ ልትነካኩት ካሰባችሁ መጨረሻው ኤፍ የሆነውን እንጂ ዩውን አትግዙ። ከዚያ ቀኑን ለሻጩ አሳዩትና ዋጋ ተከራከሩ። እኔ ሰፈራችን ያለ አንድ ሱቅ ላይ ሞክሬዋለሁ፤ ልጁ መጀመሪያ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ፣ ከዚያ የራሱን ስልክ አውጥቶ ማየት ጀመረ፣ ከዚያ ቀነሰ።